ሆቴል በኢንተርኔት መያዝና የቀብዱ ነገር

ቀድሞ በአገራችን መንገደኛ የመሸበት እንደ ሆነ፣ ከአንዱ ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይል ነበር። የቤቱም ጌታ እግሩን አሳጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ ያሳድረዋል። ከተሞች ሲሰፉ አልቤርጎ የሚባለው መጣ፤ መንገደኛውም ገንዘቡን ቆጥሮ፣ ቁልፉን ተቀብሎ ይገባ ጀመር። ዛሬ ደግሞ ሰው ከቤቱ ሳይነሣ፣ ያላየውን ክፍል ከማያውቀው ባለሆቴል በእጅ ስልኩ ይይዛል። ነገሩ እጅግ የሚመች መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ አልጋውን ለመያዝ ጥቂት ደቂቃ ሲበቃ፣ የያዙትን ለመተው ሲፈለግ ግን ብዙ ቀን የሚያነታርክ ሆኖ ስለሚገኝ፣ ዛሬ ስለ ስረዛ ደንብ ጥቂት ልንል ወደድን።

አስቀድሞ የገጾቹን ማንነት ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1996 በሆላንድ አገር የተጀመረው ቡኪንግ ዶት ኮም፣ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ከማይክሮሶፍት ኩባንያ ውስጥ የወጣው ኤክስፔዲያ፣ በእስያም የታወቀው አጎዳ የሆቴል ባለቤቶች አይደሉም። ሥራቸው በእኛ ቋንቋ ድለላ ነው። እንግዳንና ሆቴልን ያገናኛሉ፤ ለድካማቸውም ከሆቴሉ ኮሚሽን ይቀበላሉ። የስረዛውን ደንብ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ሆቴሉ ራሱ ነው። ስለዚህ በአንዱ ሆቴል ያለ ኪሣራ የሰረዘ ሰው፣ በዚያው ገጽ ላይ ያለው ሌላው ሆቴልም እንዲሁ ያደርግልኛል ብሎ ቢተማመን ይሳሳታል።

አንድ ዓይነት ክፍል በሁለት ዋጋ ተጽፎ መገኘቱም የተለመደ ነው። እንበል፣ አንዱ ለአንድ ሌሊት 60 ዶላር፣ ሌላው 54 ዶላር ቢሆን፤ አልጋው ያው፣ ቁርሱም ያው ነው። ልዩነቱ በርካሹ ግርጌ «ገንዘቡ አይመለስም» የሚል ቃል መኖሩ ነው። ሦስት ሌሊት የሚያድር ሰው ርካሹን ቢመርጥ 18 ዶላር ያተርፋል፤ ጉዞው የቀረ እንደ ሆነ ግን 162 ዶላሩ በሙሉ ይሄድበታል። ሒሳቡን ስናሰላው፣ ከአሥር ጉዞው አንዱ የሚሰናከልበት ሰው በርካሹ ዋጋ አንዳች አላተረፈም፤ ከዚያ በላይ የሚሰናከልበትማ ከስሯል። እንግዲህ ርካሹ ዋጋ የሚበጀው ትኬቱን ለቆረጠ፣ ቪዛው በእጁ ላለና ቀኑ ለማይለወጥበት ሰው ነው።

በዚህ ጊዜ አንባቢ «ሕጉስ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። ይኸውም ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ ዕጥፉን ይመልሳል ማለት ነው። በገበያ የምናውቀው የቀብድ ሥርዓት ይህ ነው። ነገር ግን ሕጉ ይህን የሚለው ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ ነው። በስልኩ መስታወት ላይ «ደንቡን አንብቤ ተስማምቻለሁ» በሚለው አጠገብ የምናሳርፋት ጣት እንግዲህ ያችው ሌላ ስምምነት ናት። አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ሁሉም ቀብድ አይደለም፤ ስለዚህ ሆቴሉ ክፍሉን ለሌላ ሰጥቶ ቢገኝ «ዕጥፉን አምጣ» ለማለት ከመነሣት በፊት፣ የተስማሙበትን ጽሑፍ ማየት ይበጃል።

በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን በበኩላቸው፣ በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ይመለሳል የሚለውን ሕግ ይጠቅሳሉ። ሕጉስ አለ፤ ዳሩ ግን ቀኑ ተለይቶ የተያዘ የሆቴል ክፍልን እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኅብረቱ መመሪያ ለይቶ አስቀርቶታል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በሰዓት ነው። «እስከ 12:00 ድረስ ያለ ክፍያ ይሰረዛል» የሚለውን ያነበበ የእኛ ሰው፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጊዜ ያለው ሊመስለው ይችላል። በፈረንጆቹ አቈጣጠር ግን 12:00 ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። «23:59» ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 መሆኑ ነው። ሰዓቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚቈጠረው ሆቴሉ ባለበት አገር ነው። በዋሽንግተን የሚኖር ሰው ለጎንደር የያዘውን ክፍል በጥር ወር ሊሰርዝ ቢፈልግ፣ በእኛ አገር 23:59 ሲሆን በእርሱ ዘንድ ገና 15:59 ነውና፣ ከሥራ ወጥቼ እሰርዛለሁ ካለ ነገሩ አልፎበታል።

ከሌሊት በረራ የሚወርድም ሰው ቀኑን አጥብቆ ይመልከት። ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚደርስ መንገደኛ፣ በፈረንጆቹ ዘንድ የደረሰው ዓርብ ነው። ክፍሉን ከዓርብ ጀምሮ ከያዘ፣ ብዙ ሆቴሎች የሚያስገቡት ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ስለ ሆነ፣ በአዳራሹ ሶፋ ላይ ሊነጋለት ነው። መያዝ ያለበት ከሐሙስ ጀምሮ ነው፤ እንዲህም ሲያደርግ የሚደርስበትን ሰዓት ለሆቴሉ በጽሑፍ ያስታውቅ። ካላስታወቀ «ሳይመጣ ቀረ» ተብሎ የመጀመሪያው ሌሊት ሒሳብ ሊወሰድበት፣ የቀሩትም ሌሊቶች ሊሰረዙበት ይችላሉ።

የበዓል ቀንም እንዲሁ ነው። ጥምቀት ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ቢውልም፣ በ2016 ዓ.ም. የዋለው ጃንዋሪ 20 ነበር፤ በ2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል። በበዓል ሰሞን ሆቴሎች ደንባቸውን ማጥበቃቸው የታወቀ ነውና፣ አንድ ቀን ስቶ የያዘ ሰው በቀላሉ ላያርመው ይችላል።

የሸንገን ቪዛ የሚጠይቁትን አንባቢዎቻችንንም ልናስታውስ እንወዳለን። አመልካች የሚያድርበትን ቦታ ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ውሳኔው በደንቡ በ15 ቀን የሚሰጥ ሆኖ፣ እስከ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል። ቪዛውን ሳያገኙ ገንዘቡ የማይመለስ ክፍል መያዝ በእኛ አስተያየት ገንዘብን ወንዝ ውስጥ መጣል ነው። የሚሰረዘውን መያዝ፣ የስረዛውም ቀን ከ45ኛው ቀን በኋላ የሚውል መሆኑን ማየት ያሻል።

በውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ የሚያሲዙ ደግሞ ብዙ ናቸው። አንዳንድ ሆቴል ካርዱን በዓይኔ ልየው ስለሚል፣ አስቀድሞ ጽፎ መጠየቅና ስሙም የሚያድረው ሰው እንዲሆን ማድረግ ነው። ገንዘቡ የተመለሰ እንደ ሆነም የሚመለሰው ወደዚያው ካርድ ነው።

ለመሰረዝ የተቈረጠ ሰው ሥራውን በያዘበት መንገድ ይፈጽም። በገጹ ይዞ ለሆቴሉ በስልክ «ቀርቻለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ስልኩን ያነሣው ልጅ «እሺ» ቢልም በመዝገቡ ላይ እንግዳው ገና እንደሚመጣ ሆኖ ይቈያል። መሰረዙን የሚገልጸው መልእክት መድረሱን አይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቀነ ገደቡ ያለፈ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ገንዘቤ ይመለስ ከማለት ቀኑ ይዛወርልኝ ብሎ ለሆቴሉ ኃላፊ መጻፍ የተሻለ ተስፋ አለው፤ ባለሆቴሉ ከገባው ገንዘብ ማውጣት ይከብደዋል እንጂ ባዶ ክፍል በሌላ ሳምንት መስጠት ብዙ አይጎዳውም። ከተሰረዘ በኋላ በካርዱ ላይ ተይዞ የነበረው ገንዘብ ቶሎ ካልተለቀቀ፣ ለጥቂት ቀናት የሚያዘገየው ባንኩ ሊሆን ስለሚችል፣ የስረዛውን መልእክት ይዞ ካርዱን የሰጠውን ባንክ መጠየቅ ነው።