የዘጌ ቃል ኪዳንና የተመራማሪው ድርሻ

ሃይማኖትን የሚያጠና ሰው የእምነቱን እውነትነት በምን ዓይን ይየው? በዘርፉ ሁለት መልሶች ጎልተው ይታያሉ። የሶሲዮሎጂ ሊቁ ፒተር በርገር እ.ኤ.አ. በ1967 ተመራማሪው ለጥናቱ ሲል ሃይማኖትን ሰው እንደ ሠራው ነገር ብቻ ይመርምረው አለ። የሃይማኖት ጥናት ሊቁ ኒኒያን ስማርት ግን በ1973 ይህም ራሱ ፍርድ ነውና አምላክ አለ የለም ሳይሉ ማጥናት ይሻላል ሲል ሞገተ። እኔ ወደ ስማርት አደላለሁ፤ ሆኖም አለመፍረድ የስንፍና መሸሸጊያ ሲሆንም ይታያል፤ ከአንድ እምነት ውስጥ የሚመረመረውንና የማይመረመረውን መለየት ግድ ይላል።

ለዚህ ከባሕር ዳር ብዙ የማይርቀው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ጥሩ ማሳያ ነው። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው። አባቶች ምክንያቱን ሲናገሩ ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም ከእግዚአብሔር የተቀበሉትን ቃል ኪዳን ያነሣሉ፤ ሕዝቡም በቡናና በጌሾ ኖሯል። ክልከላው ደኑን ጠብቆታል ወይ የሚለው ዙሪያውን ካለው የእርሻ መሬት ጋር ተነጻጽሮ ይታያል፤ የጻድቁ ታሪክ መቼ እንደ ተጻፈ ከብራናና ከፊደል አጣጣል ይገመታል። ቃል ኪዳኑን የሰጠው እግዚአብሔር መሆኑን ግን በመስክ ጥናት የሚያረጋግጥም የሚያፈርስም የለም። የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪው ቶም ቦይልስተን በ2018 ስለ ዘጌ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሳይነካ ጾምና ክልከላ ሰውን ከአምላኩና ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደሚያገናኙ አሳይቷል።

ተጠራጣሪው ይህን አለመፍረድ ፍርሃት ይለው ይሆናል። አይደለም። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመግባቷ በፊት በጣና ቂርቆስ ብዙ ዘመን ቆይታለች የሚለው ትውፊት የታሪክ አባባል ነውና ይመረመራል። ታቦቷ በሰሎሞን ዘመን ወደ ኢትዮጵያ መምጣቷን የሚተርከው ክብረ ነገሥት አሁን ባለው መልኩ የተጠናቀረው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከሰሎሞን ዘመን ከ2000 ዓመት በላይ የራቀ ጽሑፍ ለዚያ ዘመን የዓይን ምስክር አይሆንም፤ ታሪክ ጸሐፊው ይህን ሳያፍር ሊናገር ይገባል።

የምእመኑ ቅሬታ ከዚህ ይከብዳል፦ ደኑን ብቻ የሚያወራ ጥናት እግዚአብሔርን የደን ዘበኛ ያደርገዋል። እውነት አለው። "መነኮሳቱ ደኑን ለማዳን የፈጠሩት ነው" የሚለው ማብራሪያ ሳያስመሰክር የሚፈርድ ነው፤ ደግሞም ቡናው ገቢ እንደ ነበረውና በባሮች ጉልበትም ይለማ እንደ ነበር ይሸፍናል። ይህን ሁሉ በግልጽ እየጻፈ የቃል ኪዳኑን መነሻ ለምእመኑ የሚተው ተመራማሪ ሥራውን አላጎደለም።