ባስልያድ፦ ከመቅደስ የወጣው የሕሙማን ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የቂሣርያውን ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስን ምእመናን ይበልጥ የምናውቀው በቅዳሴው ነው። ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል፤ በዓለ ዕረፍቱም ጥር 6 ቀን ይታሰባል። ይህ ታላቅ ሊቅ በዓለም የሕክምና ታሪክ ቀደምት ከሚባሉት ሆስፒታሎች አንዱን የመሠረተ አባት መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም።

እ.ኤ.አ. በ369 አካባቢ በቀጰዶቅያ ጽኑ ረኃብ ሆነ። ባስልዮስ በዚያን ጊዜ በቂሣርያ ቀሲስ ነበረ። ጎተራቸውን የዘጉትን ባለጠጎች በስብከቱ እየገሠጸ እህሉን አስወጣ፤ የራሱን ሀብት ለድሆች አዋለ፤ ወገቡን ታጥቆም የተራቡትን በእጁ መገበ። በ370 በሊቀ ጵጵስና ከተሾመ በኋላ ይህን የአንድ ወቅት ርዳታ ጸንቶ የሚኖር አገልግሎት አደረገው። ከከተማው ውጭ ያሠራው ሰፊ ሕንፃ ከጊዜ በኋላ በስሙ «ባስልያድ» ተባለ።

በዚያም ለእንግዶች ማረፊያ፣ ለድሆች መጠለያ፣ ለሕሙማን መታከሚያ ነበረ። ሐኪሞችና አስታማሚዎች፣ መንገደኞችን የሚሸኙ ሰዎችና የጭነት እንስሳት ተመድበውለት ነበር፤ ለኑሮ የሚያስፈልጉ የእጅ ሥራዎችም ይከናወኑበት ነበር። ሥራው በአገረ ገዥው በኤልያስ ዘንድ በተከሰሰ ጊዜ ቅዱስ ባስልዮስ ይህን ሁሉ በደብዳቤ ዘርዝሮ፣ ለሕሙማንና ለእንግዶች ቤት መሥራት ማንንም እንደማይጎዳ አስረድቷል።

ከሁሉ የሚደንቀው በለምጽ ለተያዙት ያደረገው ነው። በዘመኑ እነዚህ ሰዎች ከቤተ ዘመድና ከከተማ ተባርረው ይንከራተቱ ነበር። ወዳጁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት እንደመሰከረው፣ ባስልዮስ ከታላቅ ቤተሰብ የተወለደ ሊቀ ጳጳስ ሳለ ሕሙማኑን እንደ ወንድሞቹ እየሳመ ይቀበላቸው ነበር። ጎርጎርዮስ ያን ስፍራ «አዲስ ከተማ» ብሎታል፤ ከባቢሎን ቅጥርና ከግብፅ ፒራሚዶችም አብልጦ አድንቆታል።

ስለ ሕክምና ያስተማረው

ቅዱስ ባስልዮስ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ በሕመም የተፈተነ አባት ነበረ። ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት ውስጥ፣ እርሻ ለረኃብ፣ ሽመናም ለዕርቃን እንደተሰጡ ሁሉ ሕክምናም ለሕመም ከእግዚአብሔር የተሰጠ ጥበብ መሆኑን ያስተምራል። ሐኪምን ፈጽሞ መናቅ እልከኝነት ነው፤ ተስፋን ሁሉ በሐኪም ላይ መጣልም ፈጣሪን መርሳት ነው። ለዚህም ንጉሡን ሕዝቅያስን በምሳሌነት ይጠቅሳል፤ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ ተደርጎለት ተፈውሷል፤ ምስጋናውን ግን በለስን ለፈጠረው አምላክ አቀረበ።

ይህ ትምህርት ዛሬም የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ወደ ጠበል ሲሄዱ የኤች አይ ቪ፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የስኳር መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ ወገኖች አሉ። መድኃኒት መውሰድ የእምነት ጉድለት ስለሚመስላቸው፣ በአቋራጭ ለባሰ ሕመምና ለሞት ይዳረጋሉ። ነገር ግን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመነ ፕትርክናቸው ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይቃረኑ፣ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ይህም ቃል ከባስልዮስ ትምህርት ጋር የሚስማማ ነው። በጠበሉ የሚፈውሰውም፣ ለሐኪሙ ጥበብን የሰጠውም አንዱ እግዚአብሔር ነውና።

ስለዚህ የታመመ ሰው ጠበሉን በእምነት ይጠመቅ፤ መድኃኒቱንም ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ይውሰድ፤ ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር አያቋርጥ። ካህናትና የጠበል ቦታ አገልጋዮችም ይህንኑ ሊመክሩ ይገባል። ጤነኞቻችን ደግሞ ጌታ በዕለተ ፍርድ ታምሜ ጠይቃችሁኛልን እንደሚለን እናስብ። በየአጥቢያችን ጠያቂ ያጣ ሕመምተኛ፣ የመድኃኒት መግዣ የቸገረው ድኻ አለ። ሰበካ ጉባኤያትና ሰንበት ትምህርት ቤቶች እነዚህን ፈልገው ቢረዱ፣ የባስልያድ በር ዛሬም ክፍት ይሆናል።

የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎትና በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።