በርሜል ላይ የተተከለችው የመርከብ መድፍ

ጅጅጋ ውስጥ ብየዳ ስሠራ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ባዶ በርሜል ያልሆነልኝ ነገር የለም፤ ምድጃም፣ የውሃ ማጠራቀሚያም፣ የግቢ በርም አድርጌዋለሁ። የመድፍ እግር ግን አድርጌው አላውቅም። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. የአውስትራሊያ መርከበኞች አድርገውታል፤ ያውም የእኛ ሾፌሮች ዛሬ በሚመላለሱበት በሐርጌሳና በበርበራ መካከል ለተደረገ ውጊያ።

ጣሊያን ሐምሌ 27 ቀን ወደ እንግሊዝ ሶማሌላንድ ሲገባ ዋናው ጦር የወጣው በእኛው በጅጅጋ በኩል ነው። ሐርጌሳ ወዲያው ወደቀች። ቱግ አርጋን በተባለው መተላለፊያ ላይ የበርበራን መንገድ የዘጉት እንግሊዞች ታንክ የሚመታ መድፍ አልነበራቸውም። በርበራ የቆመችው «ሆባርት» የተባለች የአውስትራሊያ መርከብ የሰላምታ መድፏን ፈትታ ሰጠቻቸው።

መድፏ 47 ሚሊ ሜትር ሆችኪስ ናት። ዓይነቷ የተሠራው በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ቶርፔዶ ይዘው የሚጠጉ ጀልባዎችን ለመምታት ነው። ስታረጅ ወደብ ሲገባ ባዶ ባሩድ መተኮስ ሥራዋ ሆነ። «አፈሙዜን ባዶ አድርጌያለሁ፣ በሰላም መጣሁ» ማለት ነው። ግን በመድፍ ሰላም የሚላችሁ እንግዳ መድፍ እንዳለውም እየነገራችሁ አይደል?

እግሯን ከዘይት በርሜል ሠሩላት። ይህን ለረዳቴ ስነግረው ሳቀ። «ጋሼ፣ አይጨራመትም?»

መድፍ ወደፊት ሲተኩስ ወደኋላ ይራገጣል። መርከብ ላይ እግሩ ከወለሉ ጋር በቡሎን ስለሚታሰር ርግጫውን ሰባት ሺህ ቶን ብረት ይቀበልለታል። በርሜል ግን ያው ቆርቆሮ ነው፤ እኔ ብሆን ቢያንስ ድንጋይ እሞላበት ነበር።

ጆንስ፣ ስዊኒና ሁረን የተባሉ ሦስት መርከበኞች ይዘዋት ወደ ግንባር ሄዱ። ውጊያው ከነሐሴ 5 እስከ 9 ቆየ። ምሽጉ ሲለቀቅ ሦስቱ አልተመለሱም፤ ሞተዋል ተባለ።

የባሕሩ ጉልበት የታየው በርበራ ላይ ነው። እንግሊዞች ወደዚያ ሲያፈገፍጉ መርከቦቻቸው ከአምስት ሺህ የሚበልጡ ወታደሮችን በባሕር አወጡ። ሆባርትም ዋና መድፎቿን ወደ ከተማው አዙራ፣ ለጣሊያን እንዳይተርፍ የቀረውን ደበደበች። መጋቢት 7 ቀን 1933 እንግሊዞች በዚያው በባሕር ተመልሰው በርበራን ያዙ፤ በማግስቱ ከደቡብ የመጣው ጦራቸው ጅጅጋ ገባ።

ሦስቱ መርከበኞችም በዚያው ዓመት በሕይወት ተገኙ፤ ከባሕር ርቃ ደጋ ላይ በተቀመጠችው የኤርትራ ከተማ አዲ ኡግሪ፣ በጣሊያን የምርኮኞች ካምፕ ውስጥ።