ጨጓራ የሌለው ቅባት በል

የአውሮፓ ሲባስ የሚባለው የሜዲትራኒያን ባሕር ዓሣ ከእንቁላሉ ሲፈለፈል ርዝመቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አፉ አልተከፈተም፤ አንጀቱም ቀጥ ያለች ቱቦ ናት። ደግነቱ ስንቁን ሆዱ ሥር ይዞ ነው የሚወጣው፦ አስኳሉንና አንዲት የዘይት ጠብታ። እሱን እየተመገበ ጥቂት ቀናት ከቆየ በኋላ አፉ ይከፈትና አደን ይጀምራል። ጨጓራ ግን የለውም። አሲድና ፔፕሲን የሚባል ኢንዛይም የሚያመነጭ ጨጓራ የሚያገኘው ገና ከሳምንታት በኋላ ነው።

እስከዚያ ሸክሙ የሚወድቀው በቆሽቱ ላይ ነው። ቆሽት ጫጩቱ አንድም ነገር ሳይቀምስ ኢንዛይም ማዘጋጀት ይጀምራል፤ የጊዜ ሰሌዳው ከዘሩ የመጣ ነው። ቅባትን ከሚሰባብሩት ዋነኛው ሐሞት ሲያገኘው የሚነቃ ላይፔዝ ነው። ይህ ኢንዛይም አይመርጥም፤ ዘይቱንም፣ ኮፔፖድ የሚባሉት ደቃቅ የባሕር እንስሳት በገላቸው የሚያከማቹትን ሰምም ይሰብራል። የቅርብ ዘመዱ በእናት ጡት ወተት ውስጥ ይገኛል፤ የአራስ ቆሽት እስኪጠነክር ድረስ እናቲቱ ታበድረዋለች። የዓሣ ጫጩት እንዲህ ያለ አበዳሪ የለውም። ድሮ ከሚውጣቸው እንስሳት ኢንዛይም ይዋሳል ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ሲለካ ግን ድርሻቸው ኢምንት ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ላይፔዙ ካለ፣ በማራቢያ ጣቢያዎች ሮቲፈርና አርቴሚያ የሚባሉ፣ በዘይት የዳበሩ ደቃቅ እንስሳት የሚቀለብ ጫጩት ለምን ይቀጭጫል? እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ያለቦታው ነው። የእንዲህ ያለውን ጫጩት አንጀት በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው የግድግዳው ሴሎች በዘይት ጠብታ ተወጥረው ያገኛቸዋል። ቅባቱ ተፈጭቷል፣ ሴሉም ውስጥ ገብቷል፤ መውጫ ነው ያጣው። ወደ ደም ለመሻገር ፎስፎሊፒድ የሚባል ሌላ ዓይነት ቅባት ሊሸፍነው ይገባል፤ ጫጩቱ ደግሞ ይህን በበቂ መጠን መሥራት አይችልም። የኮፔፖድ ገላ በፎስፎሊፒድ የበለጸገ ነው፤ ተራው የዓሣ ዘይት ግን የለውም ማለት ይቻላል።

የፈረንሳዩ የባሕር ምርምር ተቋም የኢፍሬሜር ተመራማሪዎች በ2003 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ለሲባስ ጫጩቶች የተለያየ የፎስፎሊፒድ መጠን ያላቸው ደረቅ መኖዎች ሰጧቸው። በዕድገትም በጤናማ አጥንትም ብልጫ ያሳዩት 12 በመቶ ገደማ ፎስፎሊፒድ ያለውን የበሉት ናቸው። ለአዋቂ ዓሣ የሚዘጋጅ መኖ ይህን ያህል አይዝም። ፎስፎሊፒድን የሚሰብረው ኢንዛይምም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ አመራረቱ በመኖው ይዘት ልክ ይለዋወጥ ነበር።

ርካሹ የፎስፎሊፒድ ምንጭ የአኩሪ አተር ሌሲቲን ነው። እሱ ደግሞ ለአንጎልና ለዓይን ግንባታ የሚያስፈልገው፣ ዲኤችኤ የሚባለው የቅባት ዓይነት የለውም። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘው ክሪል ከሚባለው የባሕር እንስሳ ወይም ከዓሣ እንቁላል የሚወጣው ቅባት ነው፤ የጫጩት መኖ ዋጋ የሚንረውም በአንድ በኩል በዚህ ምክንያት ነው።