ከትምህርት ቤት መቅረት የሚያስከትለው ጉዳትና የወላጆች ድርሻ

በዓመቱ መጨረሻ የውጤት ካርድ ተይዞ ወደ ቤት ሲገባ፥ ወላጆች ሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት «ስንተኛ ወጣህ?» ብለው ነው። ካርዱ ግን ከደረጃው ሌላ አንዲት ትንሽ ረድፍ አለችው፤ ይኸውም ተማሪው በዓመቱ ውስጥ ከትምህርት የቀረበት ቀን ብዛት የሚጻፍባት ናት። ይህችን ረድፍ ጠይቆ የሚረዳ ወላጅ ጥቂት ነው። እኔ ሁለት ዓመት የክፍል አለቃ ሆኜ የስም መጥሪያውን መዝገብ ስይዝ እንደ ተረዳሁት ግን፥ የደረጃው ነገር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በዚችው በተናቀችው ረድፍ ነው። ደግሞም ሒሳብና ፊዚክስ ሊያስጠና የማይችል ወላጅ፥ ፊደል ያልቈጠረም ቢሆን፥ ይህችን ቍጥር ዝቅ ሊያደርጋት ይችላል። ይህን አሳብ ለማስረዳት ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

የልጅን ትምህርት በወላጅ ኀላፊነት ላይ መጣል በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመናዊ ትምህርት ሲጀመር ባወጡት ዐዋጅ፥ ወንድም ሆነ ሴት ልጅ ከስድስት ዓመቱ በኋላ ትምህርት ቤት እንዲገባ ማዘዛቸው፥ ልጁን የማያስተምር ወላጅም ሀብቱን ለልጁ ማውረስ እንዳይችል መደንገጋቸው በታሪክ ይነገራል። በዚያ ዘመን ትግሉ ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት ነበረ። ዛሬ እንደኛ ባለ ከተማ ትልቁ ትግል አስገብቶ በየዕለቱ እንዲገኝ ማድረግ ነው።

አንድ ቀን መቅረት ምን ይጐዳል የሚል ሰው ይኖራል። እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ተማሪ በወር ሁለት ቀን ብቻ ቢቀር፥ ከመስከረም እስከ ሰኔ ባሉት 10 ወሮች 20 ቀን ይሆናል፤ ይህም 4 ሙሉ የትምህርት ሳምንት ነው። በቀን 7 ክፍለ ጊዜ ቢቈጠር 140 ክፍለ ጊዜ አመለጠው ማለት ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል እንዲሁ ቢቀጥል ደግሞ 80 ቀን ወይም 16 ሳምንት ይጐድልበታል። በአሜሪካ አገር በዓመቱ ካለው የትምህርት ቀን ከመቶ 10 እጁን የቀረ ተማሪ አደጋ ላይ እንዳለ ይቈጠራል። በወር ሁለት ቀን የሚቀረው የኛ ተማሪ እዚያው ገደማ ነው፤ እርሱ ግን ራሱን «አልፎ አልፎ የምቀር» ይላል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንደሚባለው ነው።

ደግሞም ጉዳቱ በጐደለው ቀን ብቻ አይቆምም። ከተማችን ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቈረቈረች ስለ ሆነች ምሳሌውን ከዚያው ልውሰድ። የባቡር ፉርጎዎች እርስ በርሳቸው ተያይዘው እንደሚጐተቱ፥ ትምህርትም አንዱ ባንዱ ላይ የተያያዘ ነው። ሰኞ የተማረውን ቀመር ያልያዘ ተማሪ ማክሰኞ ክፍል ቢገባም ሰሌዳውን ከማየት በቀር የሚያገኘው ጥቅም የለም። በ2014 ዓ.ም. በመላው አገራችን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ይታወሳል። የዚህ ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በመቅረት አላሳብብም። ነገር ግን ክፍል ያልገባ ተማሪ ጐበዝ መምህርም፥ ጥሩ መጽሐፍም ቢኖር ሊጠቅመው አይችልም።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ ልመለስ። መዝገብ ስይዝ ከተመለከትኋቸው ውስጥ አራቱን እጠቅሳለሁ።

የመጀመሪያው ሥራ ነው። ብዙዎቻችን ከትምህርት ሌላ ቤተ ሰባችንን እንረዳለን፤ ይህም የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። የሚያስነቅፈው እኔ የሠራሁት ዐይነት ሥራ ነው። እናቴ በቀፊራ ገበያ አትክልት ትሸጣለች። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ዕቃ በሚራገፍበት ቀን «ዛሬ መምህራን ስብሰባ አላቸው» እያልሁ ከርሷ ጋር እውል ነበር። እርሷ ቅር አላዘዘችኝም፤ የነገርኋትን አምና ግን በረዳቷ ተደሰተች። ለመምህሬ ደግሞ «አሞኝ ነበር» እላለሁ። የመንፈቁ ካርድ ሲመጣ ማንበብ ስለማትችል ያነበብሁላት እኔው ነኝ። ደረጃዬን አነበብሁና የመቅረቱን ረድፍ ዘለልሁት።

አንድ ቀን የክፍላችን ኀላፊ መምህር ቲማቲም ሊገዙ ወደ ገበያው መጡና አጠገቧ ቆሜ አዩኝ። በድሬ ልማድ «አንቺ» ብለው፥ «ልጅሽ ከሕመሙ ተሻለው ወይ?» ሲሉ ጠየቋት። እናቴ እኔን ተመለከተች፤ ከዚያም «አዎን፥ ተሽሎታል» ብላ ቲማቲሙን መዘነችላቸው። በሰው ፊት አላዋረደችኝም። ማታ ግን ካርዱን አውጥታ ለጐረቤታችን ልጅ ሰጠችና «ሁሉንም አንብቢልኝ» አለቻት። «የቀረበት ቀን፥ 23» የሚለው ሲነበብ የተሰማኝን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳውም። በማግሥቱ ገበያዋን ትታ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ከዚያ ወዲህ በየማታው «ዛሬ የመጀመሪያው መምህር ምን አስተማሩ?» ብላ ትጠይቀኛለች። መልሱን ባታውቀውም፥ ያልዋለበት ሰው ሲመልስ እንደሚንተባተብ ታውቃለች።

ሁለተኛው ምክንያት ሕመም ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በከተማችን የተነሣው የቺኩንጉንያ በሽታ ከ40 ሺሕ በላይ ሰው እንደ ያዘ የሚታወስ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ከ2,400 በላይ ሰዎች ታመሙ። ይህን ወባ ያሠራጨችው ከእስያ የመጣች፥ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ መሆኗን ሊቃውንት አረጋግጠዋል። እርሷም፥ ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈዋም ትንኝ የሚራቡት በየቤታችን በተጠራቀመ ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜልና ሮቶ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። እንግዲህ በርሜሉን መክደንና በየሳምንቱ ውስጡን ፈትጎ ማጠብ ትንኟ ክንፍ ሳታወጣ ያስቀራታል። ይህ ልጅን በትምህርት ገበታ ላይ ለማዋል ከሚደረጉት ሥራዎች አንዱ መሆኑን ብዙ ወላጅ አያስበውም። ልጅ ሲያተኵሰውም ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መውሰድ፥ ሲሻለውም ያመለጠውን ደብተር ከጓደኛው እንዲገለብጥ ማድረግ ይገባል።

ሦስተኛው የእኅቶቻችን ችግር ነው። ውሃ ሲመጣ የሚቀዱት፥ እናት ስትታመም ቤት የሚቀሩት አብዛኛውን ጊዜ እነርሱ ናቸው። ወንድምም ባልዲ ማንሣት እንደሚችል አባቶች ቢያዙ ሸክሙ ይቀላል። በወር አበባ ምክንያት የሚቀሩም አሉ፤ ይህ ነገር በዝምታ ስለሚታለፍ መዝገቡ ላይ «ሕመም» ተብሎ ይጻፋል። ኬሚካል መሐንዲስዋ ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ በመቀሌ ማርያም ሰባ የተባለ ፋብሪካ አቋቁመው፥ ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ በመሥራታቸው ሲ ኤን ኤን የተባለው ቴሌቪዥን የ2019 (እ.ኤ.አ.) የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸልሟቸዋል። ከፋብሪካ የተሠራው ባይገኝ እንኳ፥ እናት ለልጇ አስቀድማ ንጹሕ ጨርቅና መልካም ቃል ብታዘጋጅላት ከመቅረት ታድናታለች።

አራተኛው ከሰዓት በኋላ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ሲበረታ፥ ጥዋት የነበረው ተማሪ ከምሳ በኋላ አይመለስም። ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ስግደት የሚሰጠውን ዕረፍት እስላሙም ክርስቲያኑም ለመጥፊያ ይጠቀምበታል። ከዚያ ወዲያ ጫት ያለበት ቤት ሩቅ አይደለም። በመጨረሻ «ወላጅህን አምጣ» ሲባል፥ አንዳንዱ ከመንገድ ሰው ለምኖ «አጎቴ ናቸው» ብሎ ያቀርባል። ተቀጣሪው «አጎት» ልጁን በመምህሩ ፊት ተቈጥቶ ይሄዳል፤ እውነተኛው አባት ግን ምንም አልሰማም።

ለዚህ ሁሉ መድኀኒቱ ቀላል ነው። የተከበራችሁ ወላጆች፤ ሳትጠሩ በመስከረም ወር መጥታችሁ ከክፍሉ ኀላፊ መምህር ጋር ተዋወቁ፤ ስልክ ቍጥራችሁንም በእጃችሁ ስጧቸው። ያን ጊዜ ሐሰተኛ አጎት ቦታ አያገኝም። በወር አንድ ጊዜም «ስንት ቀን ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካርዱ ሲመጣ ከደረጃው በፊት የመቅረቱን ረድፍ አስነብቡ፤ የሚያነብላችሁም ሌላ ሰው ይሁን።

እናንተም የክፍል ጓደኞቼ፤ ይህን ምስጢር ለወላጆች በመግለጤ አትቀየሙኝ። እኔም ከእናንተው አንዱ ነበርሁ። ባለፈው ዓመት በካርዴ በዚያች ረድፍ ላይ የተጻፈው 2 ነበረ፤ እናቴም ደረጃዬን ሳትጠይቅ በፊት «2 ብቻ?» ብላ ፈገግ አለች።