ጢስ መንገድ ሲሸፍን፦ የጉዞ ኮሚቴዎች አስቀድመው ሊወስኑት የሚገባ ጉዳይ

ከአቃቂ ቃሊቲ አጥቢያዎች ምእመናን ወደ ዝቋላ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም የሚጓዙት በተለይ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን ለሚከበሩት በዓላት ነው። የመጋቢቱ በዓል የሚውለው ሣሩም ደኑም በሚደርቅበት ወቅት ነው። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. የገዳሙ ደን በእሳት በተያያዘ ጊዜ ብዙ ምእመናን እሳቱን ለማጥፋት ወደ ተራራው መውጣታቸው ይታወሳል። የሰደድ እሳት ጢስ ግን ከእሳቱ ርቆ፣ ነበልባል በማይታይበት መንገድ ላይም ይወርዳል። ስለዚህ ጢስ በአሽከርካሪ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትና የሰበካ ጉባኤያትን ድርሻ በአጭሩ እንገልጻለን።

የመጀመሪያው ጉዳት በእይታ ላይ ነው። በጢስ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ብናኞች ብርሃንን ስለሚበትኑ፣ ረጅም መብራት የሚያበራ አሽከርካሪ ብርሃኑ ወደ ገዛ ዓይኑ ይመለስበታል። ሁለተኛው በአካል ላይ ነው። ጢስ ዓይንን ያስለቅሳል፤ በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድም ደም በቂ ኦክስጅን እንዳይሸከም እያደረገ ራስ ምታትና ድንዛዜ ያመጣል። ሦስተኛው ከሰዓቱ የሚመጣ ነው። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ጢሱ በረባዳ ስፍራ ይተኛል፤ ከጉም ጋር ከተቀላቀለም የፊተኛውን መኪና ፈጽሞ ይሰውራል። ለቅዳሴ ለመድረስ በሌሊት የሚጀመር ጉዞ ከዚሁ ሰዓት ጋር ይገጥማል።

በዚያው ዓመት በጥር ወር በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ በጌንስቪል ከተማ አቅራቢያ የሰደድ እሳት ጢስና ጉም አውራ ጎዳናውን ሸፈኑት። ፖሊስ መንገዱን ለሰዓታት ዘግቶ እይታው ሲሻሻል ከፈተው፤ ብዙም ሳይቆይ ጢሱ ተመልሶ ተሽከርካሪዎች ተጋጩ፣ 11 ሰዎችም ሞቱ። ጢስ ለአፍታ መገለጡ ፈጽሞ ለመሄዱ ማረጋገጫ አይሆንም።

ጢስ ከፊት ሲታይ ከሁሉ የሚሻለው ሳይገቡበት መመለስ ወይም መጠበቅ ነው። በድንገት የገባ አሽከርካሪ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይቀንስ፤ አጭር መብራት ያብራ፤ መስኮቶችንና የውጭ አየር ማስገቢያውን ይዝጋ፤ ፈጽሞ አይቅደም። መንገዱ የማይታየው ከሆነ መኪናውን ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ያቁም፤ አራቱንም ፍሬቻ ያብራ። በደረቅ ሣር ላይ ግን አያቁም፤ የጋለው የጭስ ማውጫ ሣሩን ሊያቀጣጥለው ይችላልና።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ አሽከርካሪ እንኳ ተሳፋሪው «ቅዳሴ ያመልጠናል» እያለ ሲያጣድፈው ከማስተዋል ሊወጣ ይችላል። ስለሆነም ኮሚቴዎች ከጉዞው በፊት አራት ነገሮችን እንዲወስኑ እናሳስባለን፦

1. ከመነሣታቸው በፊት በመንገዱ ላይ እሳት ወይም ጢስ መኖሩን በአካባቢው ያሉ ሰዎችን በስልክ መጠየቅ፤
2. ከቢሾፍቱ በኋላ ያለው የገጠር መንገድ በቀን ብርሃን እንዲታለፍ የመነሻውን ሰዓት ማስተካከል፤
3. ለመቆምም ሆነ ለመመለስ የአሽከርካሪው ውሳኔ የመጨረሻ መሆኑን ለተጓዦች አስቀድሞ መንገር፤
4. በዚህ ምክንያት ቢዘገይ ወይም ቢመለስ ክፍያው እንዳይቀነስበት በውሉ ላይ ማስፈር።

አራተኛው ነጥብ ቀላል መስሎ እንዳይታለፍ አደራ እንላለን። ሙሉ ክፍያውን እንደሚያገኝ የተረጋገጠለት አሽከርካሪ ጢሱ እስኪገለጥ ለመቆም አይቸገርም። የበዓሉ ቀን በየዓመቱ ተመልሶ ይመጣል፤ በመንገድ የቀረ ምእመን ግን አይመለስም።