ስም ያልተጻፈበት ካሴት

ወረታ፦ በፎገራ ሜዳ በብዙ ቤቶች፣ በቁም ሣጥን ላይ ወይም በአልጋ ሥር በተቀመጠ ካርቶን ውስጥ፣ ማንም የማያጫውታቸው ካሴቶች ይገኛሉ። ከፊሎቹ ከሙዚቃ ቤት የተገዙ በመሆናቸው የዘፋኙ ፎቶግራፍና ስም ታትሞባቸዋል። ከፊሎቹ ግን በቤተሰብ እጅ የተቀረጹ ናቸው፦ የሠርግ ዘፈን፣ የአዝማሪ ግጥም፣ ፉከራና ሽለላ፣ ከሱዳን ወይም ከዓረብ ሀገር በሰው እጅ የተላከ የድምፅ ደብዳቤ። በእነዚህ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ቃል እንኳ አልተጻፈችም። ቴፑ ከተበላሸና የባትሪ ድንጋይ መግዛት ከቀረ ወዲህ፣ በውስጣቸው ምን እንዳለ የሚያውቀው የቀረጻቸው ሰው ብቻ ነው። እርሱም ያረጃል።

ካሴት መሰብሰብና ስለ ካሴት መጻፍ በሌላው ዓለም ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ያለፈ ሥራ ሆኗል። ዋጋውን በግልጽ ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ ደግሞ የሚጀምረው ከዚሁ ከቅርባችን፣ ከባሕር ዳር ነው።

አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ስለ ሙዚቃ ለማጥናት ጋና በቆየበት ጊዜ ከገበያ ካሴት መግዛት ለመደ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮም የሰበሰባቸውን ካሴቶች ሽፋን እያሳየ፣ ስለ እያንዳንዳቸው አጭር ጽሑፍ እየጻፈ፣ «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በሚል ስም ለአድማጭ ያካፍል ጀመር። ወደ ሀገራችን በመጣ ጊዜ ባሕር ዳር ከሚገኝ ሱቅ ካገኛቸው ካሴቶች መካከል አንዱ የኃይሉ መርጊያ ሥራ ነበር።

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለዱ የአኮርዲዮንና የኦርጋን ተጫዋች ናቸው። በ1970ዎቹ በአዲስ አበባው ሒልተን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ከዋልያስ ባንድ ጋር ስማቸው ገነነ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ሲሻገር እዚያው ከቀሩት አባላት አንዱ ሆኑ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ብቻቸውን ተቀምጠው፣ የወጣትነት መሣሪያቸውን አኮርዲዮን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕደው አንድ ካሴት ሠሩ። ካሴቱ ሀገር ቤት ገባ፤ ተሸጠ፤ ከዚያም በጊዜ ብዛት ከሱቅ መደርደሪያ ታች ወረደ። እርሳቸው ደግሞ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሾፌር ሆነው ኑሯቸውን ቀጠሉ። ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ ጭነው፣ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ይለማመዱ ነበር።

ሺምኮቪትዝ ካሴቱን ሰምቶ ተደነቀ። በሽፋኑ ላይ ስም ነበረ። በዚያ ስም አፈላልጎ የስልክ ቁጥራቸውን አገኘና ደወለላቸው። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በድጋሚ ታተመ፤ አርቲስቱም በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች እንደገና መጫወት ጀመሩ። በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጡ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው የሽፋኑ ወረቀት ነው። ሙዚቃው ያው ሙዚቃ ሆኖ ካሴቱ ላይ ምንም ባይጻፍ ኖሮ፣ ሰብሳቢው አንድ ግሩም አኮርዲዮን ተጫዋች ሰማሁ ከማለት አልፎ የሚደውልለት ሰው አያገኝም ነበር። በፎገራ ሠርግ ላይ የተቀረጸው አዝማሪ ያለው እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ነው። ድምፁ አለ፤ ስሙ የለም።

ካሴት ለምን ይህን ያህል ቤት ውስጥ ገባ? የካሴትን አሠራር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሳየው የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. በ1963፣ ቦታውም በርሊን ነው። ከዚያ በፊት በሀገራችን የተቀረጸ ሙዚቃ የሚሰማው በሸክላ ነበር። ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ፣ ወጣቱ አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ክልከላ ተጋፍጠው በራሳቸው ስም ማሳተም ጀመሩ። ሸክላ ግን ፋብሪካ ይሻል፤ የሚታተመውም ባሕር ማዶ ነበር። ካሴት ሁለት ቴፕ ላለው ሰው ሁሉ ይገለበጣል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ገደብ የሌሊት መድረኮችን ሲያዳክም፣ ሙዚቃው በአብዛኛው በካሴት ላይ አደረ። እንደ አምባሰልና ኤሌክትራ ያሉ ሙዚቃ ቤቶች ስማቸው ከከተማ አልፎ ገጠር የደረሰው በዚሁ በካሴት ነው። ባህሩ ቀኜም ሆነ ይርጋ ዱባለ በማሲንቋቸው ከጎንደር ርቆ ለሚኖር አድማጭ የደረሱት በቴፕ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ካሴት ለገበሬው የሰጠው አዲስ ነገር መቅረጽ መቻልን ነው። ሬዲዮም ሸክላም የሌላ ሰው ድምፅ ነው የሚያሰሙት። ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ የገዛ አባቱን ፉከራ ማስቀረት የቻለው ገበሬ ባለ ካሴቱ ነው። (ብዙ የዘፋኝ ካሴቶች ጀርባቸው ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ተወትፈው፣ ዘፈኑ ጠፍቶ የቤተሰብ ድምፅ ተቀርጾባቸዋል። እነዚያ ቀዳዳዎች በስሕተት እንዳይጠፋ የተሠሩ መከላከያዎች ናቸው። የሽፋኑን ስም ብቻ አይቶ «ይህን ዘፈን ስልኬ ላይ አለኝ» ብሎ ካሴቱን የሚጥል ሰው ምን እንደሚጥል አያውቅም።)

ሰው በየቤቱ ስለሚቀርጻቸው ካሴቶች ከተነሣ ጃፓንን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። የወረታ ነዋሪ ጃፓንን የሚያውቃት በብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በኩል በምትሰጠው ድጋፍ ነው። በሙዚቃው ዓለም ደግሞ «ኖይዝ» የሚባል፣ በአማርኛ የጫጫታ ሙዚቃ ልንለው የምንችል ስልት አላት። ዜማና ምት የለውም፤ የብረት ፍጭት፣ የማሽን ጩኸት፣ የኤሌክትሪክ ድምፅ እስከ ጆሮ ዳር ተገፍቶ የሚሰማበት ነው። ለጆሯችን እንግዳ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እስከ መጨረሻው የሰማሁት በትዕግሥት ነው። ከስልቱ ጀማሪዎች አንዱ የሆነው የቶኪዮው ማሳሚ አኪታ እ.ኤ.አ. በ1979 «መርዝባው» በሚል ስም ሲጀምር አሳታሚ አልነበረውም። ካሴቱን ቤቱ ውስጥ ቀርጾ፣ ሽፋኑን በፎቶ ኮፒ አባዝቶ፣ በፖስታ ለሌሎች ይልክ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ሥራዎቹ በ50 ሲዲ ተጠርዘው ወጡ። ይህ ሊሆን የቻለው ሥራዎቹ ስለተመዘገቡ ነው። የዚህ ሙዚቃ ሰብሳቢዎች የካሴቱን ዓመት፣ የትኛው ቅጂ እንደሆነ፣ የሽፋኑን ወረቀት ዓይነት ሳይቀር ይጽፋሉ። ማንም ገበያ ወጥቶ የማይጠይቀው ጩኸት የዘር መዝገብ ያህል ተጠንቅቆ ተይዟል።

የእኛ ሽለላም ከዚህ ዓለም ጋር አንድ ጊዜ ተገናኝቷል። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን በመጫወት የሚታወቁት ጌታቸው መኩሪያ፣ በጫጫታና በኃይለኛ ጊታር ከሚታወቀው ከሆላንዱ «ዘ ኤክስ» ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተሰኘ አልበም ሠርተዋል። ፈረንጆቹ በሽለላው ውስጥ የሰሙት፣ ለዛ ባለው ዜማ ያልተገራ የጉሮሮ ኃይል ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ስብስብም፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዓለምን የማረከው ከሙዚቃው ጋር በተያያዘው ጽሑፍ ጭምር ነው፤ ማን እንደተጫወተ፣ የትና መቼ እንደተቀረጸ ይናገራል።

የግብርና ተማሪ ይህን ነገር በዘር ምሳሌ ቢያስረዳ አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ በተቋቋመው የዘር ባንክ የሚቀመጥ የእህል ናሙና ሁሉ ቁጥር፣ የተሰበሰበበት ቦታና ጊዜ ይጻፍለታል። ዘሩ ጤናማ ሆኖ መዝገቡ ከጠፋ፣ ለተመራማሪ እፍኝ እህል ብቻ ነው። ፎገራ ላይ በስፋት የተዘራው «ኤክስ-ጅግና» ሩዝም ስሙ ታሪኩን ይዞለታል፦ በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ ካስጀመሩባቸው ቦታዎች አንዷ ጅግና ነበረች። ስሙ ባይኖር ይህን ዛሬ ማን ያስታውሰው ነበር?

እንግዲህ ካሴት ያለው ቤት ምን ይጻፍ? ድምፁን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀበሌና ጎጥ እንደተቀረጸ፣ ለምን ድግስ እንደሆነ፣ በማሲንቋ ይሁን በክራር ወይስ በባዶ ድምፅ፣ ማን እንደቀረጸው። ዓመቱ ካልታወቀ «የርብ ወንዝ ሞልቶ ከብት የወሰደበት ክረምት» ወይም «ታላቅ ልጃችን በተዳረበት ጥር» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ሌላው ከዚያ ተነሥቶ ይቆጥራል። ከሁሉ የሚሻለው ካሴቱን አዛውንቶች ባሉበት ማጫወት ነው። ሰምተው «ይህማ እገሌ ነው» ሲሉ፣ ያን ንግግራቸውን ጭምር በስልክ መቅረጽ ይገባል። አንዱ አዛውንት ያወቀውን ድምፅ ሌላው ሊክድ ይችላል፤ ሁለቱንም መጻፍ እንጂ ማስታረቅ አያስፈልግም።

ጽሑፉ እርሳስ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀለም በእርጥበት ይፈሳል። በዚህ ሜዳ ደግሞ እርጥበት ዋናው ጠላት ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ከዳር ሲወጡ፣ የጣናም ውኃ ሲሰፋ፣ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ይረጥባል። ሰው ክር የሚለው የካሴት ጥብጣብ፣ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ቀጭን ፕላስቲክ ነው፤ በላዩ ላይ የብረት ዱቄት በሙጫ ተለጥፏል። ድምፁ ያለው በዚያ ዱቄት ውስጥ ነው። ሙጫው እርጥበት ሲጠጣ ይለቅቃል፤ ቴፑ ውስጥ የሚቀረው ቡናማ ብናኝ የተራገፈ ድምፅ ነው ማለት ይቻላል። ሩዝን ከ14 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ጎተራ የሚከት ገበሬ የለም፤ ካሴትም ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከምድጃ ጢስ ርቆ፣ በደረቅ ቦታ መቀመጥ አለበት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ለእህል እንጂ ለካሴት አይሆንም፤ ፕላስቲኩን ያጣምማል። ማግኔት ስላለበትም ድምፅ ማጉያ ሥር ማኖር አይገባም።

ለዓመታት ሳይጠቀለል የቆየ ካሴት ከመጫወቱ በፊት በቢክ እስክሪብቶ ቀስ ብሎ እስከ ጫፍ ቢጠቀለልና ቢመለስ ክሩ በቴፕ የመበላት ዕድሉ ይቀንሳል። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የራሱ ማሚቶ በስሱ ቢሰማ አይደንግጡ፤ ተጠቅልሎ በኖረበት ዘመን አንዱ ዙር ድምፁን ለጎረቤቱ ዙር ስላጋባ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የታየበትን ካሴት ግን ማጫወት ሌሎቹንም መበከል ነው፤ ለብቻው መለየት አለበት። የ60 ደቂቃ ካሴት ክር 86 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የ90ውና የ120ው ረዝሞ እንዲገባ የሳሳ ስለሆነ ይበልጥ ይበጠሳል። እነዚህን በቅድሚያ መገልበጥ ብልህነት ነው።

መገልበጡ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር የሚሄድ አንድ ሽቦ ይበቃል። አንድ ሰዓት የሚጫወት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ማፋጠን አይቻልም። ሽቦ ከጠፋ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ስልክን ከቴፑ ፊት አስቀምጦ መቅረጽ ከምንም ይሻላል፤ ጥሪ እንዳያቋርጠው ስልኩን ከኔትወርክ ማውጣት ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ምክር ልጨምር፦ በኮምፒውተር ድምፁን ለማጥራት አትቸኩሉ። በቤት ካሴት ላይ የሚሰማው የውሻ ጩኸት፣ ቆርቆሮ የሚደበድበው ዝናብ፣ የእናቶች እልልታ፣ አዝማሪውን ግጥም የሚቀበለው ሰው ድምፅ ሲጠራ አብሮ ይጠፋል። ጃፓናውያኑ ጫጫታን ሙዚቃ ብለው ካከበሩ፣ እኛ የገዛ ሠርጋችንን ጫጫታ የምናወጣበት ምክንያት አይታየኝም። ከተገለበጠ በኋላም ዋናውን ካሴት መጣል አይገባም፤ ስልክ ይጠፋል፣ ሚሞሪም ይቃጠላል።

የቤተሰብን ካሴት ለቤተሰብ መገልበጥ አንድ ነገር ነው፤ የዘፋኝን ወይም የአዝማሪን ድምፅ አባዝቶ መሸጥ ግን ሌላ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን ለፈጠረውም ሆነ ለተጫወተው ሰው መብት ሰጥቷል። ከባሕር ዳር የሄደው የኃይሉ መርጊያ ካሴት እንደገና የታተመው ባለቤቱ ተጠይቀው፣ ከትርፉም ግማሹ ለእርሳቸው እንዲደርስ ሆኖ ነው።